ኮዮት የወፍ ጠላት ነውን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ለዛሬ ማታ ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ከአገራችን በጣም የራቀ መሆኑን አውቃለሁ። ኮዮት የሚባለው አውሬ የሚኖረው በአሜሪካ ክፍለ ዓለም እንጂ በእኛ ደጋና ቆላ አይደለም። ሆኖም ርእሱን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በዚህ አውሬ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ክስ ሲቀርብበት፣ ምስክር ሲቆጠርበትና ሲፈረድበት ኖሯል። ነገር ግን ፈራጆቹ የጠየቁት ጥያቄ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አልነበረም። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከአውሬው ከራሱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ተከሳሹን ላስተዋውቃችሁ። ኮዮት የውሻና የተኩላ ዘመድ ነው፤ መልኩም እኛ ቀበሮ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ነው። ስሙ ናዋትል ከሚባለው ከጥንቱ የሜክሲኮ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ቶማስ ሴይ የተባለው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1823 ያወጣለት የላቲን ስም ደግሞ «ካኒስ ላትራንስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የሚጮህ ውሻ» ማለት ነው። ቀድሞ መኖሪያው የመካከለኛውና የምዕራቡ አሜሪካ ሜዳና በረሓ ነበረ። ተኩላው ከጠፋና ደኑ ከተመነጠረ በኋላ ግን ወደ ምሥራቅ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ ከአላስካ እስከ ፓናማ ይገኛል። ጥንቸሉን፣ አይጡን፣ የአጋዘን ግልገሉን፣ የሞተውን ከብት፣ አንበጣውንና ፍራፍሬውን፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ከሚበላውም መካከል ወፍና የወፍ እንቁላል አለበት። ክሱ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ወፍ ማደን የብዙ ሰው ደስታ፣ የብዙ ሰውም እንጀራ ነው። አዳኙ የፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ በመከር ወራት ወደ ሜዳ ይወጣል። ዳክዬው ወይም ድርጭቱ ያነሰ እንደ ሆነ ምክንያቱን መፈለጉ የማይቀር ነው። አንድ ኮዮት ተገድሎ ሆዱ ሲከፈት ላባ ይገኝበታል፤ እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይምጣ? በዚህ ላይ የበግ አርቢው ሰው ከአዳኙ ጋር ይቆማል። የእርሱ ጠቦት በእውነት በኮዮት ተበልቶበታልና ስለ ወፉም ቢሰማ ያምናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። የአርቢውን ጉዳት ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን የጠቦቱ ጉዳይ ሌላ ነው፣ የወፉም ጉዳይ ሌላ ነው፤ አንዱ በመረጋገጡ ሌላው ተረጋገጠ ሊባል አይገባም።

ሆኖም ሕግ የወጣው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ነው። መጋቢት 2 ቀን 1931 በወጣው ሕግ የአሜሪካ መንግሥት ኮዮትንና ሌሎችን ሥጋ በል አራዊት ለማጥፋት የእርሻ ሚኒስቴሩን ሥልጣን ሰጠው፤ ለዚህም ምክንያት ተደርገው ከተጠቀሱት መካከል የቤት ከብትና የሚታደኑ እንስሳት ጥበቃ ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ ወጥመዱ፣ ጥይቱና መርዙ ሥራቸውን ቀጠሉ። መርዙ ለኮዮት ተብሎ ቢጣልም ከንስርና ከውሻ አይለይም ነበር። በመጨረሻ በየካቲት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ መርዝ እንዳይጣል በትእዛዝ ከለከሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የአውሬውን ምግብ በጥንቃቄ የመረመሩ ሰዎች አልጠፉም ነበር። ከእነርሱ አንዱ አዶልፍ ሙሪ ነው። ይህ ሰው በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኮዮትን እየተከታተለ ከ5000 በላይ የሚሆን ዓይነ ምድሩን ሰብስቦ መረመረ፤ ውጤቱንም በ1940 አሳተመ። ያገኘው ነገር ብዙዎቹን አላስደሰተም። ከምግቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል መሳይ እንስሳ ነበረ፤ ወፍ የያዘው ድርሻ ግን ትንሽ ነበረ። ሙሪ እንደ ጻፈው ኮዮት በፓርኩ ውስጥ ባሉት የዱር እንስሳት ቁጥር ላይ ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሙሪ ሥራ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ላባ አሳይቶ «ኮዮት ጥፋተኛ ነው» የሚለውም ሰው፣ አይጥ አሳይቶ «ኮዮት ንጹሕ ነው» የሚለውም ሰው፣ ሁለቱም የሚያነቡት ሆድን ነው። ሆድ የሚመልሰው ጥያቄ «ምን በላ?» የሚለውን ብቻ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን «ኮዮት ባይኖር ኖሮ ወፎቹ ይበዙ ነበርን?» የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መንታ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ለምን አንድ እንዳልሆኑ በምሳሌ ልግለጽ። ፖል ኤሪንግተን የተባለው ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት በአዮዋና በዊስኮንሲን ድርጭቶችን በየክረምቱ ይቆጥር ነበር። ያስተዋለውም ይህ ነው፤ አንድ መሬት በመጠለያው ልክ የተወሰኑ ድርጭቶችን ብቻ ያሳድራል። ከዚያ በላይ የሆኑት መሸሸጊያ ያጡ ናቸውና ወይ በብርድ፣ ወይ በረኃብ፣ ወይ በአውሬ ይሞታሉ። አውሬው ሳይበላቸው ቢቀር ብርዱ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ የተበላ ወፍ ሁሉ ከድምሩ የተቀነሰ ወፍ አይደለም። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ኮዮት በሜዳው ላይ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከእርሱ ሥር ሌሎች እንቁላል በሎች አሉ፤ ኮዮት ሲጠፋ እነርሱ ምን ይሆናሉ? ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያብራራው የሰሜንና የደቡብ ዳኮታ ነገር ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ከካናዳ ሜዳዎች ጀምሮ እስከ ዳኮታዎች ድረስ የሚዘረጋው አገር በጥንት የበረዶ ግግር ተቦርቡሮ የቀረ የኩሬዎች አገር ነው። ከሰሜን አሜሪካ ዳክዬዎች እጅግ የሚበዙት የሚፈለፈሉት እዚያ ነው። ማላርድ የተባለችው ዳክዬ ከኩሬው ራቅ ብላ በሣር ውስጥ መሬት ላይ ጎጆ ትሠራለች። እንቁላል መጣል ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ 35 ቀን ያህል ይፈጃል፤ በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ጎጆው ለአፍንጫ ክፍት ነው። ሊቆች በ1985 እንዳሰሉት የማላርድ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ ከመቶ ጎጆ ቢያንስ 15ቱ መፈልፈል አለባቸው። ከዚያ ካነሰ ዘሩ እየመነመነ ይሄዳል። ይህን 15 የሚለውን ቁጥር እባካችሁ ያዙልኝ።

በዚሁ አገር ቀይ ቀበሮ የሚሉት አውሬ አለ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ከሚኖረው ከእኛ ቀይ ቀበሮ ጋር አንድ አይደለም። የእነርሱ ቀበሮ ከኮዮት በጣም ያነሰ፣ ከ3 እስከ 7 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ እንቁላል ፈልጎ በማግኘት ግን የተካነ ነው። የበላውን በልቶ የተረፈውን እንቁላል ይቀብራል፤ እናቲቱንም በጎጆዋ ላይ እንዳለች ይይዛታል። በ1984 ሳርጀንትና ጓደኞቹ ባሳተሙት ግምት ቀበሮ በመካከለኛው ሰሜን አሜሪካ በያመቱ የሚገድላቸው የደረሱ ዳክዬዎች 900,000 ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጡ ነበር። ሴቲቱ ስትሞት ደግሞ የሚጠፋው አንድ ወፍ ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ጎጆም ነው።

ቀበሮ የሚፈራው ማንን ነው? ኮዮትን ነው። ኮዮት ቀበሮን ካገኘው ያባርረዋል፣ ከቻለም ይገድለዋል። በሰሜን ዳኮታ በሬዲዮ ምልክት ሲከታተሏቸው የቀበሮ ቤተሰቦች የኮዮቱን ግዛት ትተው በዳር በዳሩ ሲኖሩ ተገኝተዋል። እንግዲህ ኮዮት በመርዝና በጥይት በተመነመነባቸው ዓመታት ቀበሮ ሰፊ አገር አገኘ። ከ1972 በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ኮዮት በዳኮታዎች እንደ ገና እየበዛ ሄደ፤ ቀበሮም ቦታ ይለቅለት ጀመር። በዚህ ምክንያት አንዱ ቀበሌ የኮዮት፣ ሌላው ቀበሌ የቀበሮ ሆነ። ማንም ሳያቅድ ትልቅ የምርመራ ሜዳ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ይህን ሜዳ የተጠቀሙበት ማርሻ ሶቫዳ፣ አለን ሳርጀንትና ጄምስ ግሪየር ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ድረስ በሁለቱ ዳኮታዎች የዳክዬ ጎጆዎችን ፈልገው መጨረሻቸውን ተከታተሉ፤ ውጤቱም በ1995 ታተመ። ቀበሮ በበዛበት ቀበሌ ከመቶ ጎጆ የተፈለፈሉት 17 ነበሩ። ኮዮት በበዛበት ቀበሌ ግን 32 ነበሩ። አሁን ያ 15 የሚለው ቁጥር ይታወሳችሁ። የቀበሮው አገር ዳክዬ በገደል አፋፍ ላይ ትሄዳለች፤ የኮዮቱ አገር ዳክዬ ግን ትበዛለች። ላባ በሆዱ የተገኘበት አውሬ ባለበት ቦታ ዳክዬዋ የተሻለ ኖረች።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ተአምር አይደለም። የአንድ የኮዮት ጥንድ ግዛት ብዙ የቀበሮ ጥንዶችን የሚያስፍር ነው። ስለዚህ ኮዮት ባለበት አገር ሣሩን የሚያስሱት አፍንጫዎች ጥቂት ናቸው። ኮዮት ደግሞ አካሉ ትልቅ ስለ ሆነ ጥንቸልና ከዚያም የሚበልጥ ነገር ይፈልጋል፤ እንደ ቀበሮ እያንዳንዱን የሣር ጉብታ አያሸትም። ጎጆ ካገኘ መብላቱ አይቀርም። ነገር ግን የሚበላው፣ እርሱ ያባረራቸው ሊበሉት ከነበረው ያነሰ ነው።

ከዳኮታ እጅግ በራቀ፣ በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በዚያ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ቁጥቋጦ የለበሱት ሸለቆዎች በቤቶች መካከል እንደ ደሴት ተቆራርጠው ቀሩ። ኬቪን ክሩክስና ማይክል ሱሌ ከእነዚህ 28ቱን መርምረው በ1999 እንዳሳተሙት፣ ኮዮት በሚመላለስበት ሸለቆ የቤት ድመትና ሌሎች ትንንሽ ሥጋ በሎች ያንሳሉ፤ የቁጥቋጦ ወፍ ዓይነቶችም ይበዛሉ። ከእነዚያ ወፎች አንዷ በአዳኞች ዘንድ የተወደደችው የካሊፎርኒያ ድርጭት ናት። በኮዮት ዓይነ ምድር ውስጥ ከአምስቱ በአንዱ ያህል የድመት ቅሪት ተገኝቷል። በእርግጥ የሸለቆው ስፋትና ከተቆረጠ ወዲህ ያለፈው ዘመንም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ገልጸዋል።

እስከ አሁን ለተከሳሹ ጠበቃ የቆምሁ መስያችሁ ይሆናል። ከሳሹንም መስማት ስለሚገባ የእርሱን ማስረጃ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ኮዮት ሁሉንም እንቁላል በሎች አይገዛም። ቀበሮን ቢያባርርም ራኩን የሚባለውና ስከንክ የሚባለው ክፉ ጠረን የሚረጭ አውሬ ከእርሱ ጋር አብረው ሲኖሩ ይታያሉ። እነዚህ በሚበዙበት አገር የዳኮታውን ውጤት መጠበቅ ስሕተት ነው። በቴክሳስ የድርጭት ጎጆ ከሚያጠፉት መካከልም ኮዮት ራሱ ይገኝበታል።

ሁለተኛ፣ ሥጋ በልን መቀነስ ፍሬ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ፓሜላ ጋሬትሰንና ፍራንክ ሮወር ከ1994 እስከ 1996 በሰሜን ዳኮታ ባደረጉት ሙከራ ወጥመደኞች ቀበሮን፣ ራኩንንና ስከንክን በሚያነሡበት መሬት ከመቶ ጎጆ 42 ሲፈለፈል፣ ባልተነካው መሬት 23 ተፈልፍሏል። ይህ የሚናቅ ልዩነት አይደለም። ነገር ግን ወጥመዱ በያመቱ መመለስ አለበት፤ ወጪውም እንዲሁ። ደግሞም የተያዙት በዋናው ትንንሾቹ እንቁላል በሎች መሆናቸውን አስተውሉ።

ሦስተኛ፣ ኮቴና ሰዘርላንድ የተባሉ ሁለት ሊቆች በ1997 ሃያ ያህል እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርገው መዘኑ። ሥጋ በል ሲቀነስ እንቁላሉ በብዛት ይፈለፈላል፤ በመከርም የሚታየው ወፍ ይበዛል። በሚቀጥለው ዓመት ለመራባት የሚመለሱት ወፎች ግን ሁልጊዜ አይበዙም ነበር። በ2010 ከዚያ በሰፉ ጥናቶች ላይ የተደረገ ምርመራ የሚራቡትም ቁጥር በብዙ ቦታ እንደ ጨመረ አሳይቷል። እንግዲህ መልሱ እንደ ቦታውና እንደ ወፉ ዓይነት ይለያያል ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለአዳኙ በመከር የሚተኩስበት ወፍ ከተገኘለት በቂ ነው። የዘሩን መኖር ለሚጠብቀው ሰው ግን ከክረምቱ ተርፎ የሚራባው ወፍ ነው ቁም ነገሩ። ሁለቱ ሰዎች «ወፍ ይብዛ» ሲሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ የሚቆጥሩበት ወር ግን የተለያየ ነው። ወሩን ሳይነግር ቁጥር የሚጠራ ሰው እየተከራከረ ነው እንጂ እያስረዳ አይደለም።

ስለ ማጥፋቱም አንድ ቃል ልጨምር። ኮኖሊና ሎንግኸርስት የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ1975 እንዳሰሉት፣ በያመቱ ከመቶው ኮዮት 75ቱ ቢገደሉ እንኳ ዘሩን ለማጥፋት ከ50 ዓመት በላይ ይፈጃል። ቁጥሩ ሲቀንስ የቀሩት ብዙ ቡችላ ይወልዳሉ፤ ባዶውንም ግዛት ከሌላ አገር የመጡ ይይዙታል። ያ ሁሉ ጥይትና ያ ሁሉ መርዝ አውሬውን አላጠፋውም፤ ይልቁንም ዛሬ ከቀድሞው በሰፋ አገር ይኖራል።

ታዲያ ወፉን የሚያበዛው ምንድር ነው? በዳኮታዎች የተገኘው መልስ ሣር ነው። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ሣሩ በቀጭን ሰንበር ብቻ ሲቀር ዳክዬዎቹ ሁሉ በዚያች ሰንበር ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ቀበሮውም ያችን ሰንበር ብቻ ቢያስስ ይበቃዋል። በ1985 የወጣ አንድ ሕግ ገበሬው የተጎዳ መሬቱን ሳያርስ በሣር ሸፍኖ ቢተወው ኪራይ እንዲከፈለው አደረገ። ከ1992 እስከ 1997 በነበሩት ዓመታት በዳኮታዎችና በሰሜን ምሥራቅ ሞንታና በዚህ ሣር ምክንያት የተጨመሩት ዳክዬዎች 12.4 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች በ2001 ገምተዋል። ሰፊ ሣር ባለበት አውሬው ይደክማል፤ ጎጆዋም ትሰወራለች።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቼ፤

ነገ ተመርቀን ወደየሥራችን ስንሠማራ እኛንም የሚጠይቀን ሰው አይታጣም። በአገራችንም ቀበሮው ጠቦት ወሰደ፣ ጭልፊቱ ጫጩት ነጠቀ፣ ዝንጀሮው እህል ፈጀ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የኮዮትን ፍርድ ገልብጠን በእኛ አራዊት ላይ እንለጥፍ አልልም፤ ያ ሌላ ስሕተት ይሆናል። የዳኮታ ቁጥር የዳኮታ ነው። ወደ አገራችን ልናመጣው የሚገባው ቁጥሩን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። አንድ አውሬ ሲከሰስ «ምን በላ?» ብለን አንቁም፤ «እርሱ ቢነሣ ቦታውን የሚይዘው ማን ነው? የሚቆጠረውስ በየትኛው ወር ነው? መሬቱስ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብለን እንጨምር። እነዚህን ሳይጠይቅ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት፣ አሜሪካ ለአርባ ዓመት ያህል እንዳደረገችው፣ ወፍ እጠብቃለሁ እያለ የወፍን ጠላት ሊያሰፋ ይችላል።

ወደ ርእሴ ልመለስ። ኮዮት የወፍ ጠላት ነውን? ለምትበላዋ ለአንዲቱ ዳክዬ፣ አዎን፣ ጠላት ነው። በዳኮታ ሜዳ ላይ ለዳክዬዎች ዘር ግን ከጠላትነቱ ጥቅሙ በልጦ ተገኝቷል። በሌላ ሜዳ፣ ለሌላ ወፍ፣ ሌላ መልስ ሊገኝ ይችላል፤ መልሱንም የሚሰጠው የአውሬው ሆድ ሳይሆን በትዕግሥት የተቆጠረ ጎጆ ነው።